ነጭ ክር የታሰረላት ዳክዬ

በወረታ ባለፍሁ ቁጥር የመኪናውን መስኮት እዘጋለሁ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሰዎች አቧራ ፈርታ ነው ብለው ያስባሉ፤ እኔ ግን የምሸሸው ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ደጅ የሚመጣውን ሽታ ነው። ፉርሽካው፣ ከሩዙ ላይ ተልጦ የሚወጣው ቡናማ ዱቄት፣ ከወፍጮው ሲወርድ ትኩስ ነው፤ የተቆላ ለውዝ የመሰለ ሽታ አለው፤ የጠላ አተላ ሲፈስበት ደግሞ ይኮመጥጥና አፍንጫ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር የሰባት ዓመቱ ወንድሜ ሙሉቀን በአንድ እጁ ሲኒ፣ በሌላው የቅርጫት ጠርዝ ይዞ ፊቴ ይቆማል። መስኮት መዝጋት እንደማይረዳ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ቢሆንም እዘጋለሁ።

አባታችን የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ወረታ ተዛውሮ ሲመጣ ሙሉቀን ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር፤ ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ግን እርሱ ሰባት፣ እኔ ዐሥር ሞልቶናል። የምንኖረው በከተማው ጫፍ፣ ቤቶቹ አልቀው የሩዝ ማሳው በሚጀምርበት፣ በአያ ጥሩነህ ግቢ ተከራይተን ነበር። አያ ጥሩነህ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ በዱላ ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን እያጋጩ፣ በእግር ጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ነበር የሚሄዱት። በልጅነታቸው በአንድ ክፉ ዓመት ጎርፍ እህሉን ሁሉ ወስዶት፣ ጓያ ብቻ በልተው ከከረሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ጓያ ወራት ሙሉ ለብቻው ከተበላ እግር እንደሚይዝ በፎገራ የማያውቅ የለም፤ ያን ዓመትም ያውቁ ነበር፤ ሌላ የሚበላ ግን አልነበረም።

አባዬ አይማታም ነበር። የጎረቤቶቻችን አባቶች ቀበቶ ሲፈቱ እኛ የእኛን አባት እያሰብን እንኮራ ነበር፤ እርሱ ድምፁን እንኳ ከፍ አድርጎ አያውቅም። ብቻ ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥር እኛ ጨዋታችንን እናቆም ነበር። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረው፤ የዝናቡን መጠን፣ የሙሉቀንን ቁመት፣ እማዬ የጨረሰችውን ዘይት ሳይቀር እየለካ ይጽፍበታል። አንድ ነገር ከጀመረ እስከ መጨረሻው ነው። እማዬ እርሱ በሌለበት «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትለው ነበር፤ ፊት ለፊቱ ግን ዝም ነው።

በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ሰባት የዳክዬ እንቁላል በጭድ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሐይቁ ዳር ከተዋወቀው አንድ ዘበኛ የተሰጠው ነው። የእማዬ ቀይ ዶሮ ልትታቀፍ ስትቁነጠነጥ ሰንብታ ስለነበር እንቁላሎቹን ከሥሯ አስገባላት። ሃያ አንድ ቀን ሞላ፤ ጫጩት የለም። እማዬ ገምተዋል ይጣሉ አለች፤ አባዬ ደግሞ ዳክዬ ሃያ ስምንት ቀን ነው የሚፈልገው ብሎ ከለከላት፤ ዶሮዋም እንደ እማዬ ግራ ገብቷት እየተነሣች፣ ዞር ዞር ብላ ተመልሳ እየተቀመጠች፣ በፋሲካ ሰሞን አራቱን ፈለፈለች። የቀሩት ሦስቱ የእውነት ገምተው ነበር።

ዳክዬ በእኛ አገር አይበላም፤ እንቁላሉንም የሚነካው የለም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ ሊያይ መጣ። እናት ዶሮዋ፣ ልጆቿ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ዘለው ሲገቡባት፣ ጠርዙን እየዞረች ስትጮህ ሰው በሳቅ ፈረሰ። አያ ጥሩነህም ዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆመው፣ ለማይበላ ወፍ ይህ ሁሉ ድግስ ምንድን ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። አባዬ ለእኔ አንዷን፣ ለሙሉቀን አንዷን ሰጠን፤ የቀሩት ሁለቱ የማንም አልነበሩም። የእኔዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ስለምትራመድ እመቤት አልኋት። የሙሉቀን ዳክዬ አፏ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረቻት፤ ነቁጤ አላት። ነጥቧን ለአባዬ፣ ለእማዬ፣ ለአያ ጥሩነህ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያነሣ ያሳይ ነበር።

የመኖውን ቀመር አባዬ የጀመረው ላባቸው በቅጡ ሳይደርቅ ነው። ዳክዬ የሚያስፈልገው ሁሉ ፎገራ ሜዳ ላይ አለ፣ የጎደለው አገናኙ ነው ይል ነበር። አራት ሲኒ ፉርሽካ፣ ሁለት ሲኒ የበቆሎ ክክ፣ ግማሽ ሲኒ ዘይቱ የተጨመቀለት የኑግ ፋጉሎ፣ በላዩ እማዬ ከጠላ ጠማቂዋ ጎረቤታችን የምታመጣው አተላ፣ ከቦዩ ዳር የሚታጨድ ለምለም ሣር፣ ለአጥንታቸው ደግሞ ተወቅጦ የተነፋ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት። ትል ከተገኘም መልካም ነው፣ ለእነርሱ ሥጋቸው ነው አለን። እኔ ትል እፈራ ነበር። ሙሉቀን አንዴ በወተት ቆርቆሮ ሞልቶ ቢያሳየኝ እሪ ብዬ እስከ መንገድ ድረስ ሮጫለሁ፤ ለሳምንት ሳቀብኝ።

አንድ እሑድ አባዬ አራቱንም ከመዘነ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ አሰበ። በዚያ አገር ጓያ ያልበላ ሰው እግሩ ሲጣመም ዓይን በላው፣ እርግማን ነው ይባላል፤ እርሱ ደግሞ ነገሩ ከምግብ መሆኑን ለተማሪዎቹ በዓይናቸው ሊያሳያቸው ፈለገ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይህ ነው። ሁለቱ ዳክዬዎች ሙሉውን ቀመር ይበላሉ፣ ሁለቱ ነጭ ሩዝ ብቻ፤ ነጭ ሩዝ ሆድ ይሞላል እንጂ እግር አያቆምም፣ ተማሪዎቹ ካዩ በኋላ ደግሞ እናድናቸዋለን አለን። ሙሉውን ለሚበሉት ቀይ ክር፣ ሩዝ ብቻ ለሚበሉት ነጭ ክር እግራቸው ላይ እንዲታሰር፣ አድልዎ እንዳይኖርም ዕጣ እንዲወጣ ተወሰነ። አራት ወረቀት ባርኔጣው ውስጥ ጣለ። ለነቁጤ ቀይ ወጣ። ለእመቤት ነጭ።

አባዬ ክሩን አስሮ፣ በሁለት ተከፍለው መመገብ የሚጀምሩት ከነገ ጠዋት ነው ብሎ ገባ። እማዬ ለቅሶ ቤት ነበረች። እኔ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ እመቤት በዚያ ነጭ ክር ስትንጎራደድ አየሁ። ብዙ አላሰብሁም፤ ብዙ አሰብሁ ብል ውሸት ነው። ሁለቱንም ቀሚሴ ውስጥ አቅፌ፣ ከሩዝ ገለባው ክምር አጠገብ ተንበርክኬ፣ ነጩን ክር ከእመቤት ፈትቼ ለነቁጤ፣ ቀዩን ከነቁጤ ፈትቼ ለእመቤት አሰርሁ። ለአባዬ ሁሉም ቢጫ ጫጩት ነው፤ የሚያየው ክሩን ነው። የቀረው ሙሉቀን ነበር። ማታውኑ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አባዬ ዕጣው ተሳስቶ ነበር ብሎ አዘዋወራቸው፣ እንዳትጠይቀው ተቆጥቷል አልሁት። ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ «እሺ እታለም» አለ። እታለም ነበር የሚለኝ።

ግንቦት እንደ ወትሮው ደረቅ ነበር፤ ሜዳው ተሰነጣጥቆ፣ ገበሬው ሩዝ ለመዝራት ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ትል የሚገኘው የልብስ እጣቢ በሚደፋበት በቧንቧው ሥር ብቻ ነበር። ሙሉቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ በተሰበረ ማንኪያ እዚያ መቆፈር ጀመረ። አባዬ ከመምጣቱ በፊት ትሉን፣ አባዬ ሁለቱን ወገን ለመለየት በሠራው የሸንበቆ አጥር ቀዳዳ፣ ለነቁጤ ያቀብላታል፤ ነቁጤም አንገቷን አስረዝማ ትጠብቀዋለች። ያች ስም የሌላት ነጭ ክር የታሰረላት ጓደኛዋ ግን ዕድል አልነበራትም፤ አንድ ጊዜ ሁለት ትል ጥሎላት አላየቻቸውም፤ በሁለተኛው ሳምንት መንገዳገድ፣ በሦስተኛው ቁጭ ብሎ መዋል ጀመረች።

አባዬ ግራ ገባው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሩዝ፣ በአንድ ሲኒ እየተለካ እየበሉ አንዷ ወድቃ ሌላዋ ለምን ቆመች? አንድ ቀን ከሰዓት እኔንና ሙሉቀንን አጥሩ ጋ አቁሞ ነቁጤን አነሣት። ክሩን አየ፤ የእግሯን መገጣጠሚያ በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ እጁ ወደ አንገቷ፣ ወደ አፏ መሄድ ጀመረ። ያችን ነጥብ ሙሉቀን ስንቴ አሳይቶታል። ካያት አለቀልኝ። 

«ሙሉቀን ትል እየቆፈረ ያበላታል» አልሁ።

አባዬ ዳክዬዋን አስቀመጣት። ሙሉቀን አላለቀሰም፤ እኔንም አላየኝም፤ ጭቃ የገባበትን ጥፍሩን ነው ያየው። አባዬ ቁጭ ብሎ ከእርሱ ጋር ትክክል ሆነና፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ፣ እንዳልተቆጣ፣ ነገር ግን ያበላሸውን ሥራ ራሱ ማቃናት እንዳለበት አስረዳው። ነቁጤን ቅርጫት ደፋባት፤ በላዩ ድንጋይ ጫነበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ቅርጫቱን ከፍቶ፣ አንድ ሲኒ ነጭ ሩዝ ለክቶ፣ አስቀምጦ፣ መልሶ የሚዘጋው ሙሉቀን ይሆናል ተባለ። አባዬ ቡናውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ያያል።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነ። ነቁጤ ቅርጫቱ ሲነሣ ትል የመጣላት መስሏት እየተንጫጫች ትወጣ ነበር። በኋላ መንጫጫቱን ተወች። ከዚያም መውጣቱን። ጉልበቷ ወደ ውጭ ተወላግዶ፣ በክንፏ መሬቱን እየደገፈች ወደ ሩዙ ትጎተታለች፤ ሙሉቀን ሩዙን አፏ ድረስ ሲያስጠጋላት አባዬ «እራሷ ትምጣ» ይለዋል። እማዬ አንድ ጠዋት ሊጥ የነካ እጇን ሳትታጠብ ወጥታ ይብቃ አለችው። ትምህርት ነው፣ ተማሪዎቹ ሊመጡ አንድ ሳምንት ነው የቀራቸው ብሎ መለሰላት። ገብታ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ደግሞ እመቤትን እያቀፍሁ፣ ቀጥ ያለ እግሯን እየዳበስሁ፣ እንኳን አልሆነብሽ እላት ነበር። እንዲህ ያልሁት እኔው ነኝ።

ስም የሌላት ዳክዬ ተማሪዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሞተች። አባዬ በደብተሩ ጻፋትና ከአጥር ውጭ አስጣላት።

በሰኔ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ግቢያችንን ሞሉት። አባዬ በዚያ ቀን ደስ ብሎት ነበር፤ ሸሚዙ ተተኩሷል። ቀመሩን አስረዳ፣ ፉርሽካውን አስሸተታቸው፣ አተላውን አሳያቸው፣ ከዚያ እመቤትን መሬት ላይ ለቀቃት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ተራመደች፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። «ሁለተኛዋን ባለቤቷ ያምጣልን» አለ። ሙሉቀን ነቁጤን አቅፎ መጥቶ አስቀመጣት። እናቷን ዶሮዋን አይታ ወደ እርሷ ልትሄድ ፈለገች፤ በጉልበቷ ተነሥታ፣ በደረቷ ተደፍታ፣ በክንፏ እየቀዘፈች፣ ጭቃውን እያረሰች ስትጎተት ከኋላ ያሉት መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወደ ፊት መጣ። ሙሉቀን እጆቹን በጎኑ አድርጎ እንደታዘዘ ቆሞ ነበር።

ሳቁን ሰምተው ነው መሰለኝ አያ ጥሩነህ ከቤታቸው ወጡ። በተማሪዎቹ መካከል፣ ጉልበታቸውን እያጋጩ፣ ጣታቸውን እየጎተቱ ሲመጡ መንገድ ለቀቁላቸው፤ ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ ሞተ። ዳክዬዋን ቁልቁል ብዙ አዩዋት። ከዚያ ጓያ አብልተዋት እንደሆነ ጠየቁ። አባዬ በአክብሮት፣ አይደለም፣ ነጭ ሩዝ ብቻ ነው፣ ሆን ብለን ነው፣ ለተማሪዎቹ ትምህርት እንዲሆን ነው አላቸው።

«ሆን ብለው» አሉ አያ ጥሩነህ። «እኛስ ቸግሮን በላነው። ሌላ እህል አልነበረማ። እርስዎ ግን፣ መምህር፣ ቤቱ ሞልቶ ነው።»

 አባዬ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ የተማሩትን በአጭሩ እንዲጽፉ ነገራቸው።

በማግስቱ ቅርጫቱ ተነሣ፤ ነቁጤ ሙሉውን ቀመር፣ በላዩም ተጨማሪ አተላ ይሰጣት ጀመር። ሙሉቀን ትሉን በይፋ እንዲቆፍር ተፈቀደለት። ጀርባው እየተንጠባጠበ በዝናብ ሲቆፍር ይውላል፤ ዝናቡ ትሉን ሁሉ ከመሬት ስላወጣው ቆርቆሮው በአንድ ጊዜ ይሞላ ነበር። ነቁጤ ወፈረች፣ ላባዋ ነጣ፣ ድምፅዋ ተመለሰ። እግሯ ብቻ ቀረ። አባዬ በየእሑዱ እያነሣ መገጣጠሚያዋን ይለካል፤ በአራተኛው እሑድ፣ አጥንቷ በተጣመመበት ጸንቷል፣ ጊዜው አልፏል አለና ይህንንም ጻፈ። ሲጽፍ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ነበር። ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ ብዕሩን ያይ ነበር።

ክረምቱ ከበደ። በነሐሴ ርብ ወንዝ ሞልቶ ወጥቶ ሜዳውን ሸፈነው፤ ጠዋት ስንነሣ ማሳው፣ መንገዱ፣ የአያ ጥሩነህ የከብት መስክ ሁሉ እስከ አጥራችን ድረስ አንድ ውኃ ሆኖ ጠበቀን። ሙሉቀን ነቁጤን አቅፎ እስከ ጉልበቱ ገባና ውኃው ላይ አስቀመጣት። ውኃ ላይ ጉልበት አያስፈልግም። እመቤትንና ሌላዋን ባለ ቀይ ክር ጥላቸው ሄደች፣ ዞራ መጣች፣ ጠለቀች፣ ጅራቷን እያወዛወዘች ወጣች። ሙሉቀን ከግንቦት ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አያ ጥሩነህም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው «በይ እንግዲህ፣ አንቺስ አገርሽን አገኘሽ» አሏት። ለእርሳቸው እንዲህ ያለ ውኃ አልነበራቸውም።

መስከረም ሲጠባ ውኃው መሸሽ ጀመረ። ገበሬው ገና ባልደረቀው ጭቃ ላይ ጓያ ለመበተን ይዘጋጃል፤ ዳክዬዎቹ ደግሞ የሚሸሸውን ውኃ እየተከተሉ በየቀኑ ይርቁ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመቤትና ሌላዋ በእግራቸው ይመለሳሉ፤ ነቁጤ ውኃው ዳር ደርሳ ጭቃው ላይ ትቀራለች። ሙሉቀን እስከ ጭኑ እየሰመጠ ሄዶ አቅፏት ይመጣል። አንድ ቀን አላስቀረም።

የመስቀል ዋዜማ ሙሉቀን ወባ ያዘው። በዚያ ወር በወረታ ወባ ያልገባበት ቤት የለም። ብርድ ልብስ ተደራርቦበት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ጥላው ሲረዝም በመስኮት አይቶ፣ እጄን ያዘኝ።

«እታለም፣ ነቁጤን አምጫት።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ለበዓሉ የተገዛልኝን ነጭ ጫማ አድርጌ ነበር። እመቤትና ሌላዋ ወደ እኔ እየመጡ ነው፤ ከእነርሱ ኋላ፣ ጥሩ የድንጋይ ውርወራ በሚያህል ርቀት ላይ፣ ነቁጤ ጭቃው ዳር ተቀምጣ አንገቷን አስረዝማ ትጮሃለች። ጫማዬን ማውለቅ እችል ነበር፤ አወለቅሁት እንኳ። አንድ እግሬን ሳስገባ ጭቃው ውስጥ በጣቶቼ መካከል ትል ይሁን አልቅት አንዳች ነገር ተላወሰ፤ ነቅዬ ወጣሁ። ከዳር ሆኜ ስሟን ጠራሁ። መጣች፤ ማለት በደረቷ ሁለት ሦስት ክንድ ያህል ተጎተተች፤ ከዚያ ደከማት። ትንሽ ቆምሁ። ከዚያ ጫማዬን አድርጌ ሁለቱን እየነዳሁ ተመለስሁ። ሙሉቀን መጣች ወይ ሲለኝ መጣች አልሁት። ተመስገን ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ጠዋት አያ ጥሩነህ ናቸው ያገኟት። ቀበሮ ነው። ከላባው በቀር የቀረ ነገር አልነበረም፤ እግሯ ግን ነበር፤ ነጩ ክር እንደታሰረ። ለሙሉቀን፣ ሌሊት ከቤት ወጥታ መሆን አለበት አልሁት። መራመድ የማትችል ዳክዬ ከቤት ወጣች አልሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ደብተሩ እማዬ ጋ አለ፤ ከፍቼው አላውቅም። እኔ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ የልጅ መድኃኒት በጠብታ ስለካ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ በዚህ ከአባዬ የወረስሁት አለ። ሙሉቀን ከወረታ አልወጣም። ሩዝ መፈልፈያ አለው፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፣ ከወፍጮው ጀርባ ደግሞ ዐሥራ አንድ ዳክዬ። አምና በመስከረም ጎንደር ደርሼ ስመለስ መስኮቱን መዝጋት ሰለቸኝና ወርጄ ቤቱ ገባሁ። መኖ እየለወሰ አገኘሁት፤ አራት እጅ ፉርሽካ፣ ሁለት ክክ፣ ግማሽ ፋጉሎ፣ አተላ። ሲኒ አልያዘም፤ እጁ ያውቀዋል። ዳክዬዎቹ ቀጥ ባሉ እግሮቻቸው እየተጋፉ ከበቡት። አንዳቸውም ክር አላሰሩም።

ብዙ ዓመት አፌ ላይ የነበረውን ነገር ልጀምር ብዬ፣ ስለዚያ ክር አንድ ነገር ልንገርህ አልሁት። ቀና አላለም።

«ክሩን ስትቀይሪ ገለባው ኋላ ነበርሁ» አለኝ።

ለምን ለአባዬ አልነገርህም አልሁት፤ ድምፄ እንደ ዐሥር ዓመት ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

«ብነግረው ያንቺን ወደ ነጩ ይመልሳታል። ላንቺ ማን ይቆፍርልሽ ነበር? ትል ትፈሪ ነበር።»

ይህን ያለው ያለ ቂም፣ የመኖ መጠን እንደሚናገር ሰው ነው። በሰባት ዓመቱ አስልቶ ደርሶበታል፤ ነጩ ክር ለአንዷ መድረሱ ካልቀረ ቆፋሪ ላላት ይሁን ብሎ። ስሌቱ ትክክል ነበር። ያፈረሰው የእኔ ምላስ ነው፤ የቀረውን ደግሞ የእኔ ጫማ። ስለ ጭቃው ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አላነሣውም።

ከአጥሩ ሥር የወተት ቆርቆሮ አንሥቶ ለእነርሱ በትኝላቸው ብሎ አቀበለኝ። ያኔ ቢሆን እሪ ብዬ እስከ መንገድ እሮጥ ነበር፤ አሁን አርባ ሊሞላኝ ነው፣ እጄን ከትቼ አንድ ጭብጥ ትል አወጣሁ። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ያኔም እንዲሁ ነበር።